ምርኮኛው መምህር፦ አቡነ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን

ታቦታቱ ከየመንበራቸው ተነሥተው ወደ ጥምቀተ ባሕሩ በሚወርዱበት በዚህ የበዓል ሰሞን በየቤታችን የሚደረገው ዝግጅት ብዙ ነው። ነጩ ልብስ ታጥቦ ይሰጣል፣ ጠላው ይጠመቃል፣ ልጆችም ገና ከከተራው ዋዜማ ጀምረው እግራቸው አያርፍም። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ተነሥተን ያደግን በመሆናችን፣ ጥምቀት ከእናት ጡት ጋር አብሮ የተገኘ እንጂ አንድ ሰው ከሩቅ ተሸክሞ ያደረሰልን ስጦታ መስሎ አይታየንም። ይሁን እንጂ ይህን ጸጋ ከነሥርዓቱና ከነክህነቱ ለአኵስም ያደረሰ አንድ ሰው ነበር። ወደዚህች አገር የገባውም ሊያስተምር ተልኮ ሳይሆን፣ ጓደኞቹ በፊቱ ከታረዱበት መርከብ በምርኮ ተወስዶ ነው። እምነትን ለሌላው ማካፈል ምን እንደሚመስል ከእኒህ አባት ሕይወት የተሻለ ምሳሌ ስለማናገኝ፣ ለዛሬው የበዓል ገጻችን ታሪካቸውን መርጠናል።

ከእርሳቸው በፊት የክርስትና ድምፅ በኢትዮጵያ አልተሰማም ማለታችን አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 እንደ ተጻፈው፣ የንግሥት ህንደኬ የገንዘብ ሹም የነበረው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በፊልጶስ እጅ መጠመቁን ቤተ ክርስቲያናችን የአገሪቱ የእምነት በኵር አድርጋ ትቈጥረዋለች። በቀይ ባሕር የሚነግዱ ክርስቲያኖችም በአዱሊስ ወደብ ይወጡና ይገቡ ነበር። የጐደለው ካህን ነው። ካህን በሌለበት ቍርባን አይኖርም፤ ቍርባን በሌለበት ደግሞ ያመነው ሰው እምነቱን እንደ ተዳፈነ ፍም በልቡ ይዞ ይኖራል እንጂ ለልጁ በወጉ ሊያወርሰው ይቸገራል።

ፍሬምናጦስ የተወለደው በጢሮስ ነው። ጢሮስ ዛሬ በደቡብ ሊባኖስ የምትገኝ የባሕር ዳርቻ ከተማ ስትሆን፣ በዚያ ዘመን በሮም ግዛት ውስጥ በንግድና በትምህርት የታወቀች ነበረች። በዚያች ከተማ ሜሮጵዮስ የሚባል ፈላስፋ ነበር። ይህ ሰው፣ ሜትሮዶሮስ የተባለ ሌላ ፈላስፋ ሩቅ አገሮችን ዞሮ ማየቱን ሰምቶ፣ እርሱም አገርና ሕዝብ ለማየት ህንድ ወደሚባለው ምድር ጉዞ ጀመረ። በጊዜው ጸሐፊዎች ዘንድ ህንድ የሚለው ስም ሰፊ ነበር፤ የቀይ ባሕርን ግራና ቀኝ ዳርቻም ይጨምራል። ሜሮጵዮስ በጉዞው ሁለት የዘመዶቹን ልጆች ይዞ ነበር፤ ትምህርት የሚያስተምራቸው እርሱ ራሱ ነው። ታናሹ ኤዴስዮስ፣ ታላቁ ፍሬምናጦስ ይባላሉ።

ጉዞው ተፈጽሞ ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከቢቱ ውኃና ስንቅ ፈልጋ ወደ አንድ ወደብ ተጠጋች። ጊዜው ግን ክፉ ነበር። የዚያ አገር ሰዎችና ሮማውያን የነበራቸው ውል በቅርቡ ፈርሶ ነበርና፣ ከሮም ግዛት የመጣን መርከብ ሁሉ እንደ ጠላት መቍጠር ተጀምሯል። የባሕሩ ዳር ሰዎች በመርከቢቱ ላይ ወረዱባት፤ ሜሮጵዮስንና አብረውት የነበሩትን ሁሉ ገደሉ። ሁለቱ ልጆች በዚያ ሰዓት ከመርከቢቱ ወርደው በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ያጠኑ ነበር። ያገኟቸው ሰዎች አዘኑላቸው፤ ሳይገድሏቸው ወደ ንጉሡ ወሰዷቸው። ታሪኩን የጻፈልን ሰው ብዙ ነገር እየዘለለ ሳለ ይህችን የዛፍ ጥላና የመጽሐፍ ነገር አልዘለላትም፤ እኛም አንዘልላትም። በኢትዮጵያ የጳጳሳት ታሪክ መጀመሪያ ላይ የምናገኘው በዛፍ ሥር ተቀምጦ የሚያጠና ተማሪ ነው። የቆሎ ተማሪ ያላየ የአገራችን ሰው ስለሌለ፣ ይህ ሥዕል ለእኛ እንግዳ አይሆንብንም።

ንጉሡ የልጆቹን ጠባይ አይቶ በቤተ መንግሥቱ አኖራቸው። ኤዴስዮስን የመጠጥ አሳላፊው አደረገው። በፍሬምናጦስ ዘንድ ብልህነትና ታማኝነት ስላየ ደግሞ የገንዘቡንና የጽሕፈቱን ሥራ ሰጠው። ጃንደረባው በገንዘብ ላይ የተሾመ እንደ ነበር ከላይ ተናግረናል፤ ሁለቱም የሒሳብ ሰዎች መሆናቸው የሚያስገርም መግጠም ነው። ገንዘብ የሚቈጥር እጅ ሁሉም የሚያየው እጅ ነው። ሰው ቃሉን ሳይሰማ ሥራውን ይመረምራል፤ ፍሬምናጦስም ስለ ክርስቶስ አንዲት ቃል ከመናገሩ በፊት ለዓመታት በቍጥርና በሚዛን ተፈትኗል ብንል አልተሳሳትንም።

ከዚህ በኋላ ንጉሡ ሕፃን ልጁንና ሚስቱን ትቶ ሞተ። ከመሞቱ በፊት ለሁለቱ ወጣቶች ነጻነታቸውን ሰጥቷቸው ነበር፤ ወደፈለጉበት መሄድ ይችላሉ። የዚህ ሕይወት ዋና ፈተና እዚህ ላይ ነው። በጢሮስ ወላጆቻቸው አሉ። የቆሙበት ምድር ደግሞ የመምህራቸው ደም የፈሰሰበት መንግሥት ነው። ነጻ የወጣ ምርኮኛ ቀድሞ የሚያስበው ቤቱን ነው፤ ይህንንም ማንም አይነቅፈውም። ንግሥቲቱ ግን ልጇ አድጎ ዙፋኑን እስኪይዝ ድረስ መንግሥቱን በመጠበቅ እንዲረዷት አጥብቃ ለመነቻቸው፤ ይልቁንም የፍሬምናጦስን ምክር ፈለገች። ሁለቱም ልመናዋን ተቀብለው ቆዩ። በቀልን ለማይፈልግ ሰው እንኳ ይህ ቀላል አልነበረም፤ የገዳዮቹን ሕፃን ንጉሥ ማሳደግ ነውና።

ሥልጣን በእጁ ሲገባ ፍሬምናጦስ ያደረገውን ነገር በጥንቃቄ መመልከት ይገባናል። አዋጅ አላስነገረም፣ የአገሬውን ቤተ ጣዖትም አላፈረሰም። አስቀድሞ የጠየቀው፣ በከተማው ከሚነግዱት የሮም ሰዎች መካከል ክርስቲያን የሆኑ አሉን ብሎ ነው። ፈልጎ ባገኛቸው ጊዜ በየስፍራው ተሰብስበው በአገራቸው ሥርዓት የሚጸልዩበትን ቤት እንዲሠሩ ነገራቸው፤ የቤት መሥሪያ ቦታ ሰጣቸው፣ የሚያስፈልጋቸውንም አሟላላቸው። እርሱ ራሱ አብሯቸው ቆመ። የክርስትናው ዘር በአገሬው ሰው ልብ የበቀለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ስብከት ሲባል ድምፅን ከፍ አድርጎ መናገር ብቻ የሚመስላቸው አሉ፤ ዘመኑ የድምፅ ማጉያ ዘመን ስለሆነም ይህ አስተሳሰብ እየበረታ ሄዷል። የፍሬምናጦስ አጀማመር ግን በባዕድ አገር ያሉ እንግዶች የሚጸልዩበት ጣራ እንዲያገኙ ማድረግ ነበር። ነገሩን ወደ እኛ እናቅርበው። እርሱ በተወለደበት በሊባኖስ ምድር ብዙ እኅቶቻችን በሰው ቤት አገልግሎት ተቀጥረው ኖረዋል፣ ይኖራሉም። እርሱ ከዚያ ወደዚህ መጥቶ በባዕድ ቤት አገለገለ፤ እነርሱ ከዚህ ወደዚያ ሄደው በባዕድ ቤት ያገለግላሉ። የሰው ቋንቋ እየተማሩ፣ የሰው ልጅ እያሳደጉ፣ በዕረፍት ቀናቸው የሚጸልዩበትን ስፍራ የሚፈልጉትን እነዚህን እኅቶች ያሰበ ሰው፣ ፍሬምናጦስ ለነጋዴዎቹ የሰጣት ቁራሽ መሬት ምን ያህል ዋጋ እንደ ነበራት ይገባዋል። መታሰቢያውም ከማንም በፊት ለእነርሱ የሚገባ ይመስለናል።

ልጁ አደገና ዙፋኑን ያዘ። ሁለቱ ሰዎች የተቀበሉትን አደራ በታማኝነት አስረከቡ። ንግሥቲቱና ወጣቱ ንጉሥ እንዲቀሩ ቢለምኗቸውም፣ ሁለቱም ለመሄድ ተነሡ። እዚህ ላይ መንገዳቸው ይለያያል። ኤዴስዮስ ወላጆቹንና ዘመዶቹን ለማየት ወደ ጢሮስ ቸኰለ። ፍሬምናጦስ ግን ወደ ቤቱ አልሄደም፤ ጉዞውን ወደ እስክንድርያ አቀና። በአኵስም የሰበሰባቸው ክርስቲያኖች ያለ እረኛ መቅረታቸው ከወላጅ ናፍቆት በልጦበት ነበር።

በእስክንድርያ መንበር የተቀመጠው ቅዱስ አትናቴዎስ ነው። ይህ አባት እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ በተደረገው ጉባኤ ላይ በዲቁና ማዕርግ የነበረ፣ በ328 ደግሞ ሊቀ ጳጳሳት ሆኖ የተሾመ ነው። ፍሬምናጦስ ያየውንና ያደረገውን ሁሉ ነገረው፤ በዚያች አገር ብዙ ክርስቲያኖች ተሰብስበዋል፣ የጸሎት ቤቶችም ተሠርተዋልና የሚገባ ሰው መርጦ ጳጳስ አድርጎ እንዲልክላቸው ለመነው። ለራሱ ሹመት አልጠየቀም። የንጉሥ ሞግዚት የነበረ፣ መንግሥት ያስተዳደረ ሰው ቢሆንም፣ እጁን ሳይጭኑበት አንድም ምሥጢር ሊፈጽም አልደፈረም፤ የመጣውም ሌላ ሰው ሊወስድ ነው። አትናቴዎስ ካህናቱን ሰብስቦ ነገሩን መረመረ። አገሩን የሚያውቅ፣ ቋንቋውን የሚናገር፣ በቤተ መንግሥቱም የታመነ ሰው ፊታቸው ቆሞ ሳለ ሌላ መፈለግ አስፈላጊ አይደለም የሚል ውሳኔ ላይ ደረሱ። ፍሬምናጦስም ጳጳስ ሆኖ ተሾመና ወደ መጣበት እንዲመለስ ታዘዘ።

ይህ ሹመት የተፈጸመበትን ዓመት በተመለከተ ሊቃውንት በሁለት ይከፈላሉ። አንዳንዶቹ አትናቴዎስ በተሾመ ሰሞን፣ ወደ 330 ገደማ ነው ይላሉ፤ በቤተ ክርስቲያናችን የሚነገረውም ይኸው ነው። ሌሎቹ አትናቴዎስ ከስደት ወደ መንበሩ ከተመለሰበት ከ346 በኋላ ያደርጉታል። በሁለቱም አቈጣጠር 4ኛው መቶ ዓመት ከመጋመሱ በፊት ወይም በመጋመሱ አካባቢ አኵስም የራሷን ጳጳስ አግኝታለች ማለት ነው።

ጢሮሳዊው ተማሪ ከዚህ በኋላ አባታችን ናቸውና በአንቱታ እንጠራቸዋለን። ሕዝቡ አባ ሰላማ አላቸው፤ ከሣቴ ብርሃን፣ ብርሃንን የገለጠ የሚለውንም ስም ጨመረላቸው። በውልና በሰላም መፍረስ ምክንያት የተማረከ ሰው ሰላማ መባሉ ተስማሚ ስም ነው። በትውፊታችን የተቀበሏቸው ነገሥታት አብርሃና አጽብሐ ይባላሉ። በድንጋይ ላይ የተቀረጹት ጽሑፎችና የውጭ ሰነዶች ደግሞ ኢዛናንና ወንድሙን ሳዛናን ይጠራሉ፤ ብዙዎች ሁለቱን ስሞች የእነዚያው ወንድማማቾች ስም አድርገው ይወስዷቸዋል።

የኢዛና ዘመን ምስክርነቱ በቃል ብቻ የቀረ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ገንዘቦቹ የፀሐይ ክብና የጨረቃ ምልክት አለባቸው፤ በኋላ የመቱት ግን መስቀል ተቀርጾባቸዋል። በገንዘባቸው ላይ መስቀልን ካሳተሙ ከዓለም ቀደምት መንግሥታት አንዷ አኵስም ናት። የድንጋይ ጽሑፎቹም እንዲሁ ናቸው። በቀደሙት ንጉሡ ራሱን የማሕረም ልጅ ይላል፤ ማሕረም የጦርነት ጣዖት ነበር። በኋለኛው የግዕዝ ጽሑፍ ማሕረም ጠፍቶ በእግዚአ ሰማይ ኀይል ድል እንዳደረገ ይናገራል፤ ሕዝቡን በጽድቅ እንደሚገዛና ግፍ እንደማይሠራበትም ይገልጻል። እ.ኤ.አ. በ1969 በአኵስም የተገኘው የግሪክ ጽሑፍ ደግሞ አብን ወልድንና መንፈስ ቅዱስን በግልጽ ያምናል።

ለምን በግሪኩ ሥላሴን በስማቸው ጠርቶ፣ በግዕዙ ግን የሰማይ ጌታ በሚለው ጠቅላላ ስም ብቻ አለፈ? የንጉሡን እምነት እስከ መጠራጠር የደረሱ አሉ። እኛ እንዲህ አይመስለንም። ግሪኩን የሚያነቡት ነገሩን አስቀድመው የሚያውቁ የውጭ ሰዎች ናቸው፤ ግዕዙን የሚያነበው ገና የሚማረው ሕዝብ ነው። ለሚማር ሰው ከሚያውቀው ቃል ተነሥቶ ማስተማር ደግሞ የአባ ሰላማ ጠባይ ነበር። ይህም ሆኖ ንጉሡ በአንድ ቀን ተለወጠ ብለን አናሳምረውም። ያው ስለ እግዚአ ሰማይ የሚናገረው ድንጋይ በኖባ ላይ የተደረገውን ዘመቻ፣ የተገደሉትንና የተማረኩትን በቍጥር ይዘረዝራል። ራሳቸው ምርኮኛ የነበሩት ጳጳስ የተማረኩትን ሰዎች ሲያዩ ምን እንደ ተሰማቸው ማሰብ ለአንባቢ የተተወ ነው።

የግዕዝ ፊደል ከግእዝ እስከ ሳብዕ በድምፅ ተለይቶ መጻፍ የጀመረው በዚሁ ዘመን መሆኑን የኢዛና ጽሑፎች ያሳያሉ፤ ከዚያ በፊት ፊደሉ ድምፁ ሳይለይ ነበር የሚጻፈው። ትውፊት ሥራውን ለአባ ሰላማ ይሰጣል፤ ቅዱሳት መጻሕፍትን ወደ ግዕዝ የመመለሱንም ጅማሬ እንዲሁ። ፊደሉን ያስተካከሉ እርሳቸው ብቻ ባይሆኑ እንኳ፣ ቅዱሱን ቃል ሕዝቡ በሚሰማበት ድምፅ ማንበብ ለሚፈልግ መምህር እንዲህ ያለ ፊደል ግድ ይሆን ነበር። እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እናሳስባለን። በ14ኛው መቶ ዓመት የነበሩትና ብዙ መጻሕፍትን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ በመመለስ የታወቁት አባ ሰላማ መተርጕም ሌላ ሰው ናቸው። ሁለቱን አባቶች አንድ አድርጎ መናገር በየቦታው ስለምንሰማ፣ ልጆቻችሁን ስታስተምሩ እንድትለዩላቸው እንጠይቃለን።

አባ ሰላማ በመንበራቸው ሳሉ ከሮም ቄሣር ዘንድ ፈተና መጣባቸው። የታላቁ ቈስጠንጢኖስ ልጅ ቈስጣንዮስ የአርዮስን ወገን ይደግፍ ነበርና፣ እ.ኤ.አ. በ356 አትናቴዎስን ከመንበሩ አሳደደው። በምትኩ ጊዮርጊስ የተባለ የቀጰዶቅያ ሰው ተቀመጠ፤ ይህ ከሰማዕቱ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር በስም እንጂ በምንም አይገናኝም። ከዚያ ቀጥሎ ቄሣሩ ለኢዛናና ለሳዛና ደብዳቤ ጻፈ። ፍሬምናጦስን የሾመው ጥፋተኛ ሰው ስለሆነ፣ ሹመቱና ትምህርቱ በአዲሱ ጳጳስ ዘንድ እንዲመረመር ቶሎ ወደ ግብፅ ይላክ የሚል ነው። ደብዳቤውን ጠብቆ ያቈየልን ራሱ አትናቴዎስ ሲሆን፣ ለቄሣሩ በጻፈው የመከላከያ መጽሐፉ ውስጥ አስገብቶታል።

ነገሩ ቀላል አልነበረም። የሮም ቄሣር የጊዜው ኀያል ነው፤ የአኵስም ንግድም ከእርሱ ግዛት ጋር የተሳሰረ ነበር። አንድን ሽማግሌ ጳጳስ አሳልፎ መስጠት ለመንግሥት የሚቀል መንገድ ይመስላል። ሆኖም ኢትዮጵያ የአርዮስን ትምህርት አልተቀበለችም፤ ቤተ ክርስቲያናችንም አባ ሰላማ እስከ ዕረፍታቸው ድረስ በመንበራቸው ጸንተው እንዳስተማሩ ታስታውሳለች። ንጉሡ በሕፃንነቱ ያሳደጉትን ሰው ለማንም አልሸጠም ማለት ነው። በቤተ መንግሥት ውስጥ በሒሳብ መዝገብና በሞግዚትነት የተዘራው ታማኝነት ፍሬውን የሰጠው በዚህ ቀን ይመስለናል።

የዘሩት እንዴት እንደ ሰፋ የሚያሳይ አንድ የቅርብ ጊዜ ግኝት እንጨምር። በትግራይ ከየሐ ብዙም በማይርቅ ቤተ ሰማዕቲ በሚባል ስፍራ በተደረገ ቍፋሮ የአኵስም ዘመን ከተማ ተገኝቷል፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሟል። በከተማው ውስጥ በ4ኛው መቶ ዓመት የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ፍራሽ አለ፤ መስቀልና የግዕዝ ፊደል የተቀረጸበት የአንገት ድንጋይም ከዚያ ወጥቷል። ከርእሰ ከተማዋ ውጭ እንዲህ ያለ ቤተ ክርስቲያን በዚያው መቶ ዓመት መሠራቱ፣ እምነቱ በቤተ መንግሥት አጥር ውስጥ ታጥሮ እንዳልቀረ ይመሰክራል። ከመቶ ዓመት በላይ ቈይቶ ተሰዓቱ ቅዱሳን ሲመጡ ያገኙት የታረሰ መሬት ነበር። ከእስክንድርያ ጳጳስ የማምጣቱ ሥርዓትም በእርሳቸው ተጀምሮ፣ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ አቡነ ባስልዮስ በ1951 ዓ.ም. እስከ ተሾሙ ድረስ 1600 ዓመታት ያህል ዘለቀ።

ቤተ ክርስቲያን የአቡነ ሰላማን ዕረፍት ሐምሌ 26 ቀን ታከብራለች። ክረምቱ በሚበረታበት፣ መንገዱ ጭቃ በሆነበት ወቅት ስለሚውል ብዙ ሰው ሳያስበው ያልፋል፤ ስንክሳሩ ግን በዚያች ቀን የጢሮሱን ልጆች፣ የመርከቢቱንና የአትናቴዎስን ነገር በየዓመቱ ያነባል።

ወደ ቤቱ ስለ ተመለሰው ስለ ኤዴስዮስ ደግሞ ይህን እንንገር። በጢሮስ ቅስና ተቀብሎ በዚያው ኖረ። ከዕለታት አንድ ቀን ሩፊኖስ የተባለ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ አገኘው፤ ሽማግሌውም በልጅነቱ ያየውን ሁሉ፣ መርከቢቱን፣ ዛፉን፣ የንጉሡን ጽዋና የወንድሙን ሥራ ነገረው። ሩፊኖስ ከዚህ ቄስ አፍ የሰማውን በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በላቲን ቋንቋ ጽፎ አስቀመጠው። እኛም ዛሬ ይህን ያህል መናገር የቻልነው ያ አሳላፊ የነበረ ቄስ በጢሮስ ተቀምጦ ስላወራ ነው።